ባለቤት የወጣላት ሙሾ

በድሮ ዘመን፣ ልጆቼ፣ ገደል አፋፍ ላይ በተቀመጠች አንዲት መንደር፣ አንዳርጌ የሚባል ድምፁ ያማረ፣ ልቡ ግን ስስታም የሆነ ሰው ነበር።

ያቺ መንደር አንዲት ሙሾ ነበረቻት። ማን እንደጀመራት አይታወቅም። ሰው በሞተ ቁጥር አንድ ጎረቤት አንዲት ስንኝ ይጨምርባታል። ሟቹም ስንኞቿን እንደ ደረጃ እየረገጠ ወደ ማረፊያው ይሄዳል። ዘመድ ግን አይጨምርም። የዘመድ ስንኝ ሟቹን ወደ ቤት ይመልሰዋላ።

አንዳርጌ ምን አደረገ መሰላችሁ? ሙሾዋን በቃሉ አጠናና ንጉሡ ፊት አወረዳት። «የገጠምኳት እኔ ነኝ» አለ። ንጉሡ አልቅሰው ሲያበቁ ማኅተም ያለበት ብራና ሰጡት፦ «ያለ አንዳርጌ ፈቃድ ይህቺን ሙሾ ያወረደ፣ ስንኝም የጨመረባት፣ ምላሱ ይቆረጥ።»

ከዚያ ወዲያ አንድ ሽማግሌ ሞተ፤ ዝም ተባለ። አንዲት አራስ ሞተች፤ ዝም ተባለ። አንዳርጌን ለመኑት፣ እምቢ አለ።

ሦስተኛዋ ሟች የአንዳርጌ እናት ሆነች።

ጎረቤት ሁሉ መጣ። ሙሾ አውራጇ እትዬ ውባየሁም መጣች። እንባዋ ይወርዳል፣ አፏ ግን አልተከፈተም። አንዳርጌ ብቻውን እስከ መጨረሻው አወረደ።

በማግስቱ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እናቱን አጥሩ በር ላይ ተቀምጣ አገኛት።

«ልጄ፣ ሙሾዋ አለቀች። መንገዱም እዚያው አለቀ» አለችው።

ደነገጠ። ግን ብልጥ አይደል? ጎረቤት ቢጨምርባት ውሸቱ ሊገለጥ ነው፤ ብራናውን ላለማጣት ብሎ ራሱ አንዲት ስንኝ ጨመረላት።

በሁለተኛው ቀን ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። «ስንኝህ ወዳንተው መለሰችኝ» አለችው።

በሦስተኛው ቀን መደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ሽማግሌው ከኋላዋ ቆሟል። አራሷም ቆማለች። አፉን አፉን ያዩታል።

አንዳርጌ እየሮጠ እትዬ ውባየሁ ቤት ገባና ብራናውን ምድጃዋ ውስጥ ጣለው።

«እትዬ፣ የኔ አይደለችም። ዋሽቻለሁ። እማዬን ሸኚልኝ» ብሎ እግሯ ላይ ወደቀ።

እትዬ ውባየሁ ብራናው ዐመድ እስኪሆን ጠበቀች። ከዚያ ወጥታ አወረደች፦

«ለጎረቤት ሁሉ ደጅሽ ክፍት ነበር፣
ላንቺም ይከፈትልሽ የምትገቢው በር።»

መንደሩ ተቀበላት። ለሽማግሌውም ተጨመረለት፣ ለአራሷም ተጨመረላት። ሦስቱም ከአንዳርጌ ቤት ተከታትለው ወጡ። አንዳርጌ «እማዬ» ብሎ ተጣራ። ዞር ብላም አላየችው።

እና ልጆቼ፣ ብዙ ሰው ያበጀውን ነገር አንድ ሰው ቢቆልፍበት፣ ደጅ የሚቀረው የራሱም ሰው ነው።

ይህን ተረት እኔ አልፈጠርኩትም። ከሰማሁት ላይ አንዲት ነገር ጨምሬበታለሁ፤ የቷ እንደሆነች አልነግራችሁም። እናንተም የበኩላችሁን ጨምሩና ለሌላ ንገሩ።