በአበባው የተቀበረው ግብጦ

በቀጨሞ በር መንደር ሰው ችግኝ ታቅፎ ሲጣደፍ ሲያዩ የሚሏት አንዲት አባባል አለች። ዝም ብላ የመጣች አይደለችም። መነሻዋ ጣሰው የሚባል የአንድ ገበሬ ማሳ ነው፤ እኔም የሰማሁት ነገሩን በዓይናቸው ካዩ ሰዎች ነው።

የመኪናው መንገድ ሲሠራ፣ ገረጋንቲ የሚሉት የመንገድ ጠጠር የተገኘው ከጣሰው ማሳ ሥር ነበር። ዶዘሩ በመጀመሪያ ጥቁሩን የላይ አፈር ገፍፎ ዳር ላይ ከመረው። ፎርማኑም፣ "ይህን ክምር አደራ፤ ስንጨርስ መልሰን እናለብስልሃለን" አለው።

ጣሰው ግን እጁ የማይሰስት ሰው ነበር። አንዱ ለጓሮዬ፣ ሌላው ለጎመን መደቤ እያለ ሲመጣ፣ "ውሰዱ እንጂ፣ አፈር ደግሞ ምን ብርቅ ነው!" ይላል። በሁለተኛው ዓመት ሠራተኞቹ ጉድጓዱን ደልድለው ሲሄዱ የሚያለብሱት አፈር አጡ።

ጣሰው ያኔም አልተጨነቀም። ክረምቱ እንደገባ ሁለት መቶ የጌሾ ችግኝ ተከለ። ጥቅምት ሳያልቅ ሁሉም ደረቀ። በዓመቱ ደግሞ ተከለ፤ ያም እንደዚያው ሆነ። መሬቱ ሲዘንብበት ይላቁጣል፣ ሲደርቅ ዶማ ይመልሳል። በመጨረሻ የደረቀውን ችግኝ ነቅሎ ወረወረና ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። አጎቱ አባ ዳኘው እንዲህ ሆኖ አገኙት።

"መሬቷ ተረግማለች፣ አባ" አላቸው።

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ከመሬቱ ቆንጥረው አሸተቱ።

"ምን ተረገመች! ቆዳዋን ገፍፈህ ሰጠህ፣ ሥጋዋን መንገድ ሠሪዎቹ ወሰዱ፤ የቀረው አጥንቷ ነው። ርቧታል፣ ልጄ።"

"ታዲያ ምን ላድርጋት?"

"አብላታ! ፍግም፣ አመድም፣ ገለባም፣ ያገኘኸውን። ከዚያ ግብጦ ዝራባት፤ ግብጦ ጭንጫ ላይም ይበቅላል። ሲያብብ ግን እንዳታጭደው። እንዳለ አርሰህ እዚያው ቅበረው።"

ጣሰውና ሚስቱ ይመኙሻል በጋውን ሙሉ ፍግ ሲሸከሙ ባጁ። በክረምቱ የተዘራው ግብጦ ማሳውን አለበሰው። መስከረም ላይ ግን በረዶ ወርዶ የሌላ ማሳቸውን ጤፍ ድምጥማጡን አጠፋው።

ጣሰው በሬዎቹን ጠምዶ ወደ ግብጦው ሲነዳ ይመኙሻል ፊታቸው ቆመች።

"በእመብርሃን ይሁንብህ ጣሰው! ይሄን ከቀበርከው ልጆቹ ምን ሊበሉ ነው? ጥቂት ብንታገሠው እኮ ፍሬ ይይዛል።"

"እኔስ ልቤ መች ጨከነ፣ ይመኙ?" አለ ዕርፉን እንደያዘ። "ግን ዘንድሮ ከበላነው ለከርሞም ያው ድንጋዩ ነው የሚጠብቀን።"

ይመኙሻል ከበሬዎቹ ፊት ዘወር አለች። መቀነቷን አጥብቃ፣ እንባዋን እየዋጠች፣ ከኋላው ተከትላ አፈር ያልሸፈነውን አበባ በእጇ ፈር ውስጥ ትከት ጀመር።

ያ ዓመት በጎመንና ከዘመድ በተገኘ እህል ተገፋ። አፈሩን የወሰዱት ጎረቤቶችም አልጨከኑም፤ ከመደባቸው እየቆረጡ ይልኩላቸው ነበር። በተከታዩ ዓመት ባልና ሚስቱ ያንኑ ደገሙት። በሦስተኛው ዓመት ጣሰው ሲቆፍር የምድር ትል አገኘና በመዳፉ ይዞ እንደ ሕፃን እየሮጠ ቤት ገባ።

"ይመኙ! መሬታችን ነፍስ ዘራች!"

በዚያ ክረምት የተከሉት ጌሾ ያዘ። ዓመት ቆይቶም ቅጠሉ ገበያ ወጣ።

ወሬውን የሰማ ባይለየኝ የሚባል የማዶ ሰው፣ የእሱም ማሳ ለገረጋንቲ ተቆፍሮ ነበርና፣ የጌሾ ችግኝ በአህያ ጭኖ መጣ። ጣሰው አልነበረም፤ ይመኙሻልን ደጅ አገኛት።

"ዛሬውኑ ልተክለው ነው፣ እመቤት። በስንት በስንት ክንድ ላራርቀው?"

"መሬቱን ምን አበላኸው?"

"ኧረ ምንም! እሷ ታብላን እንጂ።"

ይመኙሻል አህያውን በገመዱ ይዛ ፊቱን ወደመጣበት አዞረችለትና፣ "ወንድሜ፣ መሬትን ሳያበሉ አብዪኝ አይሉ" አለችው።