ጨርቅ የታሰረበት ጉድጓድ

አንዲት የኮምፒውተር ባለሙያ የሠራችው የኦክስጅን ማንቂያ ሆስፒታል ውስጥ ድንገት ቆሞ አንድ በሽተኛ ሞተ። ወደ ቀድሞ መምህሯ ሄዳ፣ «ጋሼ፣ ኮድ የሚመረምረው ፕሮግራም ‹ስሕተት የለበትም› ብሎኝ ነበር። እንዴት አላየውም?» አለቻቸው። መምህሩ ኮዱን አነበቡና እንዲህ አሏት።

«አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው ከግመል ነጋዴዎች ቀድሞ የበረሃውን ጉድጓዶች መመርመር ነው። መቅጃውን በገመድ ያወርዳል፤ ውኃ ካለ አለ፣ ከሌለም የለም ይላል። ሰነፍ አልነበረም፤ ውሸትም አያውቅም።

በዚያ አገር ግን አንድ ልማድ ነበረ። ጉድጓዱ ነጥፎበት የማያውቅ ሰው በጉድጓዱ አፍ ላይ ነጭ ጨርቅ ያስራል። ጨርቅ ባለበት መቅጃ ማውረድ ባለቤቱን ዋሽተሃል ማለት ስለሆነ፣ መርማሪው ዝም ብሎ ያልፋል።

ሦስተኛው ጉድጓድ ጨርቅ ነበረው። ባለቤቱ ሲያስረው እውነቱን ነበር። በኋላ ግን ውኃ እጨምራለሁ ብሎ የታችኛውን ዐለት ቢሰብረው ውኃው ሰርጎ ጠፋ። ጨርቁን ነገ እፈታዋለሁ እንዳለ ረሳው።

መርማሪው ደረሰ። በዙሪያው የእንስሳ ኮቴ ዱካ አልነበረም፤ ይህንንም አስተውሏል። ቢሆንም ጨርቁን አይቶ አለፈ። የነጋዴዎቹ አለቃ ለክፉ ቀን ብሎ አራት ስልቻ ውኃ አስጭኖ ነበር። መርማሪው ወደ እነሱ ተመልሶ ‹ሦስተኛው ጉድጓድ እያለ ይህ ትርፍ ሸክም ነው› ብሎ አስወረደው።

ነጋዴዎቹ ዘጠኝ ሆነው ሄዱ። ሦስተኛው ጉድጓድ ሲደርሱ መቅጃው ደርቆ ወጣ። የተመለሱት ሁለት ብቻ ናቸው። አንዱ ሚስቱን በመንገድ ቀብሮ የመጣ ነበርና መርማሪውን ‹አላየኸውም እንዴ?› አለው።

‹አላየሁም። ጨርቁን አምኜ ነው› አለ።

አየሽ፣ መርማሪው ፕሮግራም ያ ሰውዬ ነው። ባለ ጉድጓዱ ደግሞ አንቺ ነሽ። ከዚህ ፋንክሽን፣ ማለትም ከዚህ የኮድ ክፍል፣ ራስጌ ‹ባዶ ጠቋሚ፣ መረጃ ወደሌለበት የሚያመለክት አድራሻ፣ ፈጽሞ አይመልስም› ብለሽ ጽፈሻል፤ ስትጽፊው እውነት ነበር። ውስጡን ስትቀይሪ ጽሑፉን እንዳለ ተውሽው። ፕሮግራሙም ቃልሽን አምኖ ወደ ውስጥ አልገባም፤ ከዚያ የሚወጣውን ጠቋሚ ሁሉ ደኅና ብሎ ያዘው። ባዶ መሆን አለመሆኑን የምታጣሪበትን መስመርም ‹አያስፈልግም› ሲልሽ በእጅሽ አጠፋሽው። ባዶው ጠቋሚ ሲመጣ የሚይዘው ስላልነበረ ማንቂያው ቆመ።»

«እኔ ነኛ የገደልኩት!» አለች።

መምህሩ አላባበሏትም። «እንዲህ ያለ ቃል የጻፍሽባቸው ፋንክሽኖች ስንት ይሆናሉ?»

«ከመቶ በላይ።»

«ማንቂያው አሁንም የሚሠራባቸው አልጋዎችስ?»

«አርባ።»

«እንግዲያ ለቅሶው ይቆይሽና ተነሺ» አሏት።