የሚጠቅም ጥናት ፍለጋ

የኮሌጁ ዲን ዶክተር ልዑልሰገድ የቤተ መጻሕፍቱን የኢንተርኔት ክፍል ሊዘጉ ቆርጠው ተነሡ። መምህራኑን ሰብስበው፣ «ኢንተርኔት ላይ ያለው ወሬ ብቻ ነው፤ ለአስተማሪም ሆነ ለተመራማሪ የሚረባ ነገር አይገኝበትም» አሉ። ከዚያም ኮምፒውተሮቹን የምትጠብቀውን ሴት ጠርተው፣ «እስከ ምሳ ሰዓት አንድ የሚጠቅም ጥናት ካላገኘሽ ክፍሉም ይዘጋል፣ አንቺም ትሰናበቻለሽ» ብለው አፋጠጧት።

ሴትዮዋ ገና ሻይ ሳይቀርብ አንድ የቆየ ጥናት አትማ ይዛ መጣች። ዲኑ ወረቀቱን ሳያዩት ሳቁባት። «ዲግሪ እንኳ የለሽ! ጠቃሚ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«እኔማ ምኑን አውቄው፣ ዶክተር» አለች አንገቷን ደፋ አድርጋ። «እርስዎ አምና በስምዎ ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ሳያስቀሩ የገለበጡት፣ ቢጠቅምዎ ነው ብዬ ነዋ!»

መምህራኑ በሳቅ ፈረሱ፤ ክፍሉም ሳይዘጋ ቀረ።