ከተዘጋው መጋረጃ ፊት

«አንድ ሐኪም ነበረ፣ በህንድ አገር» አሉ ዶክተር ኅሩይ ጓንታቸውን እያወለቁ። ተለማማጇ ሐኪም ምንታምር ስለ አንዲት ሕመምተኛ «ሁሉን ነገር አስረድቻት ነበር፤ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቷን ለምን ጥላ ጠፋች?» ብላ ጠይቃቸው ነበር።

«ጎበዝ ሐኪም ነበረ። አንድ ሸክላ ሠሪ በስኳር በሽታ እግሩ ቆስሎ መጣ። ሐኪሙ ራጁን መብራቱ ላይ ሰቀለና ለራጁ ተናገረ። ‹ይቆረጣል። ካልተቆረጠ ትሞታለህ።›

‹ጌታዬ፣ የሸክላ መሥሪያ መንኰራኩሩን የማዞረው እኮ...› ሲል ሐኪሙ ቀጣዩን ጠራ። ሰውየው ወጣ። አልተመለሰም።

በበዓል ቀን ሐኪሙ ቤተ መቅደስ ሄደ። ሂንዱዎች እዚያ የሚሄዱት ለመለመን ብቻ አይደለም። አምላካቸውን ሊያዩት፣ እሱም ሊያያቸው ነው፤ ዳርሻን ይሉታል። ሲደርስ መጋረጃው ተዘግቷል። ካህኑ ውስጥ ሆነው የአምላኩን ምስል ልብስ እያለበሱት ነበር።

‹አባ፣ ቸኩያለሁ።›

‹እንግዲያው ከውጭ ሆነህ ተናገር። ይሰማሃል።›

‹ሳያየኝ ብናገር ምን ይረባኛል!›

ይህን እንዳለ ደነገጠ። ሸክላ ሠሪው ትዝ አለው። ፊቱን ሊያስብ ቢሞክር ግን እምቢ አለው፤ የሚያስታውሰው ቁስሉን ብቻ ነው። መጋረጃው እስኪገለጥ አልቆየም። ቁስሉን እየተናገረ፣ ሰፈር ለሰፈር እየጠየቀ ሰውየውን አገኘው። ጫማውን ደጃፍ ላይ አውልቆ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ።

‹ያን ቀን ምን ልትለኝ ነበር?›

‹መንኰራኩሩን የማዞረው በዚህ እግር ነው። ከጉልበቴ ከሚቆረጥ ብሞት ይሻለኛል።›

‹ከጉልበትህ ይቆረጣል ያለህ ማን ነው? ሁለት ጣት ነው!›

‹ታዲያ ለራጁ ፎቶ ከሚነግሩት ለእኔ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?›

ሐኪሙ የቁስሉን ጨርቅ ፈታ። ጣቶቹን አንድ በአንድ መረመረ። ከዚያ ሰውየውን ቀና ብሎ አየው።

‹ያን ቀን ሁለት ነበር። ዛሬ ሦስት ነው።›

ሦስቱ ተቆረጡ። ሸክላው ግን መሠራቱን አላቆመም።»

ዶክተር ኅሩይ ወደ ምንታምር ዞሩ።

«ሕመምተኛም፣ ልጄ፣ ወደ አንቺ የሚመጣው ያ ሐኪም ቤተ መቅደስ እንደሄደው ነው። ሊያይሽ፣ ልታዪው። አንቺ ኮምፒውተሩን እያየሽ ስታስረጂያት መጋረጃው ተዘግቶ ነበር። የሴትዮዋ ፊት ትዝ ይልሻል?»

«ትዝ የሚለኝ የሳንባዋ ራጅ ብቻ ነው» አለች ምንታምር።

«እንግዲያው ሳይረፍድ ፈልጊያት። ስታገኚያት ቶሎ አታስረጂ። መጀመሪያ ተቀመጪ።»