የኩሬው አፈር ሽታ

ተረት ተረት። «የላም በረት» ልትሉኝ ነው፤ ተዉት። የዛሬዋ መንደር ላሟም ተሸጣለች። «የባዶ ቤት» በሉኝ።

በድሮ ጊዜ በህንድ አገር፣ በአንድ ኩሬ ዳር የሸክላ ሠሪዎች መንደር ነበረች። ሰዎቹ የኩሬውን ውሃ ይጠጣሉ፤ ከዳሩ አፈር ገንቦ ሠርተው ይኖራሉ። ዝናብ እምቢ ሲል ግን ገንቦ የሚገዛ ገበሬ ጠፋ። ሰዉም አንድ በአንድ ጡብ ሊሠራ ከተማ ወረደ። ካንቲ የምትባል አሮጊት ብቻዋን ቀረች። ልጇ ሱራጅም ሄዷል። እንዴት እንደናፈቃት አትጠይቁኝ።

የንጉሡ ሕግ «አንድ ሰው መንደር አይባልም» ይላል። አንድ ሰው ብቻ የቀረበት መንደር ያለው ሁሉ ለጎረቤት መንደር ይሰጣል። የጎረቤቱ መንደር ጌታ ባልዴቭ፣ ገበሬዎቹን አስመርሮ ያባረረ ስግብግብ ነው። ደግሞ ያሰበውን ገበያ ላይ ሳያወራ አያድርም። ካንቲም ሁሉን ቀድማ ትሰማለች።

ባልዴቭ የንጉሡን ቆጣሪ ይዞ መጣ። «መንደሩ ባዶ ነው፤ ኩሬው ለእኔ ይገባል» አለ።

ካንቲ ግን በየቤቱ እሳት አንድዳለች። ቆጣሪው ከኮረብታው ላይ አየና «ከየጣራው ጭስ ይወጣል፤ ሰው አለ» ብሎ ተመለሰ።

በዓመቱ ባልዴቭ ደግሞ መጣ። «ጭስ ሰው አይደለም። የታጠበ ልብስ እንይ» አለ።

ካንቲ ጎረቤቶቿ ጥለው የሄዱትን አሮጌ ልብስ ሁሉ አጥባ በየደጁ ሰቅላለች። የሱራጅን ጥምጣም ስትሰቅል እንባዋ መጣ። ቆጣሪው አየና «ልብስ አለ፤ ሰው አለ» ብሎ ተመለሰ።

ባልዴቭ ተናደደ። «ለከርሞ ሰው ራሱ ደጁ ላይ ይቁም» አለ። ቆጣሪውም ተስማማ።

እንግዲህ ሰው በእሳት አይነድ፣ በገመድ አይሰቀል። ካንቲ ኩሬው ዳር ተቀምጣ አሰበች። «ኑ ብላቸው በምን አፌ? የማበላቸው የለኝ።» ከዚያ ያን አፈር በእጇ ዘገነች። አዲስ ገንቦ ውሃውን አፈር አፈር ያሰኘው የለ? የዚያ ኩሬ አፈር ደግሞ የመጀመሪያውን ዝናብ ይሸታል። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ገንቦ ሠርታ፣ ከተማ ለወረዱት ጎረቤቶቿ እንዲያደርስላት ለአንድ ነጋዴ ሰጠችው።

«ምን ልበላቸው፣ እማማ?» አላት።

«ምንም። ውሃ ሞልተው ይጠጡበት።»

አንዱ ጠጥቶ ደገመ። ሁለተኛው ጠጥቶ ገንቦውን አሸተተ። ሦስተኛው ጠጥቶ «አገሬ አገሬ ሸተተኝ» አለና አለቀሰ። ያን ጊዜ ሁሉም አለቀሱ። በማግሥቱ ጡቡን ትተው መንገድ ጀመሩ።

በቆጠራው ቀን በየደጁ ሰው ቆመ። ቆጣሪው ቆጥሮ ሲያበቃ ወደ ባልዴቭ ዞረ። «እግረ መንገዴን ያንተንም መንደር ልቁጠር» አለው።

በባልዴቭ መንደር ከባልዴቭ በቀር የቆመ አልነበረም። እርሻውም የውሃ ጉድጓዱም በዚያው በንጉሡ ሕግ ለሸክላ ሠሪዎቹ ሆነ። እነሱም አርሰው በሉ፤ ዳግመኛም ጡብ ፍለጋ አልወጡም።

«ሱራጅስ?» ትሉኛላችሁ። ሱራጅ ከዚያች ከተማ አልፎ ሄዶ ኖሮ፣ ነጋዴው አላገኘውም። ገንቦውን መልሶ አመጣላት። ካንቲ ደጇ ላይ አስቀመጠችው። ማለዳ ማለዳ ውሃውን ትቀይራለች፤ መንገደኛ ባለፈ ቁጥር ቀና ትላለች።

«ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ» ያሉት ወደው አይደለም።

ተረቴን መልሱ። አፌን በዳቦ አታብሱ፤ ይልቅ ከዚያ ገንቦ ውሃ ቅዱልኝ።