ደርቋል የተባለው ጥድ

አንድ ጊዜ፣ በአንድ የገጠር ደብር ግቢ ውስጥ፣ ስንት ቄስ ሸኝቶ እሱ ግን የቀረ ሽማግሌ ጥድ ነበር። ንጹሕ አይደለሁም ብሎ ቤተ መቅደስ ያልገባ ሰው ሁሉ እሱን ተደግፎ ስለሚያስቀድስ፣ በበሩ በኩል ቅርፊቱ ተልጦ አልቋል። ግንዱም ተቦርቡሮ ዋሻ ሆኗል። አራዊቱ ደግሞ ከጥንት የማሉት መሐላ አላቸው፦ ጥዱ በሕይወት እስካለ፣ ሥሩ የተጠጋን የሚነካ የለም።

እመት አህይት ጅብ ሲያባርራት ሮጣ እዚያ ገባች። አያ ጅቦ ቅጥሩ ላይ ቁጭ ብሎ ምራቁን ይውጣል።

«መቼ ነው የምትወጪው?»

«አንተ ስትሄድ።»

«እኔማ የምሄደው አንቺ ስትወጪ ነው!»

«እንግዲያው እዚሁ እናርጃ።»

በዚያ የሚያልፈው ቀበሮ ሳቁ አመለጠው። «አያ ጅቦ፣ ጥርስ ብቻ ይዘህ መጣህ እንዴ? ዛፉ ሞቷል ካስባልን እኮ መሐላው አለቀለት። ጉበቷን ለኔ ትተዋለህ?»

ጅብ አሰበ፤ ማሰብ ደግሞ ያደክመዋል። «ጅራቷንም ጨምሬልሃለሁ!»

በማግስቱ ቀበሮ አንበሳን ይዞ መጣና የተላጠውን ጎን አሳየው። «ጌታዬ ይመልከቱ፤ ቆሞ የቀረ ሬሳ ነው።»

«ወዲያኛው ጎኑስ?»

«የባሰ ነው፣ አይድከሙ።»

አንበሳ ገና በልቶ መምጣቱ ነውና መዞሩ ታከተው። «ማል» አለው። ቀበሮ እግሩን አንስቶ ማለ። «እንግዲያው ፀሐይ ስትጠልቅ መሐላው ይቀራል» ብሎ አንበሳ ጋደም አለ።

እመት አህይት ቀበሮን አየችው። «አንተ፣ እናትህ ከውሾች ሸሽታ የወለደችህ እዚሁ ግንድ ውስጥ አልነበር?»

«የድሮ ነገር ምን ያደርጋል?» አላት ሳያያት፤ ከዚያም ጉበቱ እስኪደርስ ግልገል ቢጤ ፍለጋ ወደ መንደር ወረደ።

ውሾች ነቁበት። ቀበሮ ፈረጠጠ፤ እግሩም ሳያማክረው አንበሳውን ዘሎ ግንዱ ውስጥ ከተተው። ውሾቹ መሐላውን ያውቃሉና ቅጥሩ ጋ ቆሙ።

አያ ጅቦ ግራ ገባው። «ኧረ ቀበሮ!» ብሎ ጮኸ። «ሞቷል ብለህ ምለህ የለ እንዴ? ታዲያ የሞተ ዛፍ ውስጥ ምን ትሠራለህ?»

አንበሳ ተነሥቶ ዛፉን ዞረው። ወዲያኛው ጎን ለምልሟል፤ ፍሬም ይዟል።

«ቀበሮ፣ እንደገና ማል። ሞቷል ካልክ ውሾቹ ይግቡ። አለ ካልክ አህይት ትኑር።»

ያ ጮሌ ምላስ ደረቀ። «አለ» የሚል ቀጭን ድምፅ ከግንዱ ውስጥ ወጣ።

እመት አህይት ወደ ጎን ተሸጋሸገች። «በል ጠጋ በል፣ ጅራትህ ውጭ ቀርቷል።»

በርግጫ ብትለው በተሻለው ነበር። ከግንዱ ወጥቶ ግንባሩን እዚያ የተላጠው ጎን ላይ ደፋ፤ ውሾቹ ተስፋ ቆርጠው ከሄዱ በኋላም ቀና አላለም።

ከዚህ የምንማረው፣ ያስጠለለንን ለጥቅማችን ብለን ብንክደው፣ በጭንቅ ቀን ተመልሰን ስንመጣ እሱ ባይከለክለን እንኳ እኛ ቀና ብለን የምናይበት ዓይን እንደማይኖረን ነው።