አስካለችና ቢጫው ቤት

ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ በእኛ ሰፈር፣ ቤት ሊገዛ የተነሣ ሰው ውል ከመፈረሙ በፊት አንዲት አባባል ጆሮው ላይ ጣል ትደረግለታለች። ለአካባቢው እንግዳ ከሆነ ቀልድ ትመስለውና ይስቃል። አባባሏ ግን እንዲያው ከሜዳ አልተገኘችም፤ በአንድ የግንቦት ቅዳሜ ጠዋት፣ በአስካለች የተነሣ የተወለደች ናት።

አስካለች ሃያ ዓመት ሙሉ የቀን ሠራተኛ ነበረች። ባሬላ፣ ያችን ሁለት ሰው ከፊትና ከኋላ ሆኖ የሚሸከማትን የእንጨት ቃሬዛ፣ ስትይዝ ኖራ መዳፏ እንደ ቁርበት ጠንክሯል። ዘንድሮ ወገቧ «በቃኝ» ሲላት ሦስት ወር ሠለጠነችና የቤት መርማሪነት የምስክር ወረቀት ይዛ መጣች። ወረቀቱን በመስታወት አስገብታ ከበሯ በላይ ሰቀለችው። ማንም ሳያነበው እንዳያልፍ ደጇ ላይ ቆማ፣ የምታውቀውንም የማታውቀውንም «እንዴት አደራችሁ» ስትል ታረፍዳለች።

ደንበኛ ግን የለም። በየመብራት ምሰሶው «ቤት ከመግዛትዎ በፊት እንመርምርልዎ» የሚል ወረቀት ብትለጥፍ፣ ደላሎቹ በላዩ ላይ የራሳቸውን ለጠፉበት። መጀመሪያ በሯን ያንኳኳችው ሴትዮም የመጣችው የተከራየችው ቤት ውስጥ መተት ተቀብሮ እንደሆነ ልታስመረምር ነበር።

«እኔ የማየው የግድግዳ ስንጥቅ ነው እኮ እታለም» አለቻት አስካለች።

«ታዲያ ምን ዋጋ አለሽ!» ብላ ሴትዮዋ ተቆጥታ ሄደች።

ሰኔ ሳይገባ አንድ ደንበኛ ካላገኘች ወደ አሸዋ ተሸካሚነቷ መመለሷ ነው። ይህን ለማንም አልተነፈሰችም፤ ሰፈሩ ግን ያውቀዋል።

በመጨረሻ ጡረተኛው አቶ ሽፈራው መጡ። «ልገዛው ያሰብኩትን ቤት ደላላው እንከን የለውም ይለኛል። እሱ እንከን አለው ካለ ምን ይበላል? እናቴ ዘጠና ዓመቷ ነው፤ ጓሮ በኩል ያለውን ክፍል ለእሷ አስቤዋለሁ። እስቲ አንቺ እዪልኝ» አሏት።

አስካለች ሜትሯን ሽጉጥ አስመስላ ወገቧ ላይ ታጥቃ ተከተለቻቸው። በሩ ላይ ሲደርሱ ግን እግሯ ቀጥ አለ። ቤቱ ቢጫ ቀለም ተቀብቷል፣ አጥሩም አዲስ ነው። ያም ሆኖ አልተሳሳተችም፤ በጥር ወር ለመጨረሻ ጊዜ ባሬላ የተሸከመችው እዚሁ፣ ቤት እያሠሩ ለሚሸጡት ለአቶ ዋሲሁን ነበር።

ደላላው ደምሰው ገና ሲያያት ጮኸ፤ «ኢንጂነር መጡ! ባሬላውን የት ጥለሽው ነው?»

«ደጅ ነው። ስመለስ አንተን ጭኜበት እሄዳለሁ፤ በአንድ በኩል የሚያግዘኝ ሰው ነው ያጣሁት።»

ለውሉ ተጠርተው ሳሎን ውስጥ የተቀመጡት ሦስት እማኞች ሳቁ። ከእነሱ ትልቁ፣ የዕድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ተክለየስ፣ ሊፈርሙበት የያዙትን እስክሪብቶ መልሰው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

አስካለች ወደ ጓሮ ስትዞር አቶ ዋሲሁን ከኋላዋ ደረሱ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«አስካለች፣ እንጀራዬን በልተሻል» አሏት።

«ሠርቼ ነው የበላሁት፣ ጋሼ።»

«ሌላ ሦስት ቤት እየሸጥኩ ነው። ገዢውን ሁሉ ‹በአስካለች አስመርምር› እለዋለሁ። ወረቀት መለጠፉ ቀረልሽ ማለት ነው። ዛሬን ብቻ ዝም በይልኝ።»

አንድ ደንበኛ ፍለጋ ስትንከራተት ሰንብታ፣ ሦስት በአንድ ቃል! ደግሞ እሳቸውን ያስቀየመን ሰው ነገ የትኛው ግንበኛ ለቀን ሥራ ይጠራዋል? ሜትሯን ሳብ አደረገች፣ መልሳ ለቀቀችው። ዘጠና ዓመት የሞላቸው የአቶ ሽፈራው እናት የሚተኙበትን ክፍል መስኮት አየች።

«ጋሼ፣ ሦስቱም እንደዚህኛው ከሆኑ ሦስት ጊዜ ዝም ልል ነው» አለች። «የምስክር ወረቀት የሰጡኝ ደግሞ ለዝምታ አይደለም።»

ከዚያም ሁሉንም ወደ ጓሮ ጠራቻቸው።

«አቶ ሽፈራው፣ ይህ ክፍል የቆመው በአሮጌ የሽንት ቤት ጉድጓድ ላይ ነው። የሞላነው በልቅ አፈር ነው። መቶ አሥር ባሬላ! ቆጥሬዋለሁ።»

«ቅጥፈት ነው!» አሉ አቶ ዋሲሁን።

አስካለች ከአጥሩ ሥር አንድ ሜትር ከምናምን የሚሆን ቁራጭ ፌሮ አነሣች፣ መዶሻም ለመነች። መጀመሪያ በፊት ለፊቱ ማዕዘን በኩል መታችው፤ ብረቱ አንድ ስንዝር ገብቶ «ቋ!» አለ። ድንጋይ ነው። ቀጥላ ወደ ጓሮ ዞረችና ከግድግዳው ሥር ተከለችው። አንዴ መታችው፣ ደገመችው። ሦስተኛውን ስትመታው ፌሮው ሊጥ ውስጥ እንደገባ ጣት ሰመጠ፤ ከመሬት በላይ የቀረው አንድ ጋት ያህል ብቻ ነበር።

«ቤቱ ገና ክረምት አላየም» አለች ላቧን እየጠረገች። «ውሃ ሲጠግብ አፈሩ ይሰምጣል፣ ግድግዳውም ይከተለዋል።»

አቶ ሽፈራው ጎንበስ ብለው የብረቱን ጫፍ በጣታቸው ነኩት። «እናቴን እዚህ ላይ ላስተኛት ነበር» አሉ ለራሳቸው ያህል። ከዚያ ለቀብድ የያዙትን ገንዘብ ወደ ደረት ኪሳቸው መልሰው ቁልፉን ቆለፉ።

ደምሰው መሬት መሬት ያይ ጀመር። አንደኛው እማኝ ደግሞ ወደ አስካለች ጠጋ ብሎ፣ «ታናሽ ወንድሜ ሐምሌ ላይ ቤት ሊገዛ ነው፤ እስቲ ስልክሽን» አላት በሹክሹክታ። አስካለች ግን ቁጥሯን የነገረችው በሹክሹክታ አልነበረም፤ አገጯን ቀና አድርጋ፣ አንድ በአንድ፣ ከአጥር ወዲያ ያለው ጎረቤት እንኳ መጻፍ እስኪችል ድረስ ነው።

ይኼኔ አቶ ዋሲሁን ትዕግሥታቸው አለቀ። «ምነው እናንተ ሰዎች! ያን የመሰለ ቤት እያያችሁ፣ አሸዋ ስትሸከም የኖረችን ሴት ወሬ ትሰማላችሁ? ስለ ቤቱ ከጠየቃችሁ ያሳመረውን ባለሙያ፣ ቀቢውን አትጠይቁም?»

ጋሽ ተክለየስ ያልተፈረመውን ውል ለአራት አጥፈው ለአቶ ዋሲሁን እየመለሱ፣ «የለም፣ ወንድሜ» አሉ፤ «ቀቢ ያሳምራል፣ ተሸካሚ ይናገራል።»